በመክሰስ የተጎዱ

ሁለተኛው ዙር ላይ የባምላኩ እግር ከዳው። ሜዳው ዘመም አለበት፤ ከፊቱ የሚሮጡት ልጆች አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆኑ። አምና እዚሁ ሜዳ ላይ ነፋስ ይቀድም የነበረ ልጅ፣ ዛሬ ከጎሉ ቋሚ ሥር እንደ ድንች ጆንያ ዘጭ አለ። ቡሬ ለሚደረገው የተማሪዎች ውድድር ሯጮች የሚመረጡት ያን ዕለት ነበር። የእሱ ስም አልተጠራም።

የስፖርት መምህሩ ስመኘው አናቱ ላይ ውኃ አፍስሰውለት ጠዋት ምን እንደበላ ጠየቁት። «ገንፎ» አለ ባምላኩ። ሆዱ ውስጥ የነበረው ግን ብስኩትና ለስላሳ ነው። መምህሩ ከአፉ ይልቅ ትንፋሹን ያመኑ ይመስላል። ስኳር የጭድ እሳት ነው አሉት፤ ቦግ ይልና ይጠፋል፣ ሯጭ ደግሞ የሚያስፈልገው የግራር ፍም ነው። ሳይነድ የተረፈው ወገብ ላይ ይከመርና ሰውየው ይከብዳል እንጂ አይበረታም።

ነገሩ የጀመረው በምሳ ዕቃ ነው። የክፍል ጓደኛው መሐመድአሚን፣ አባቱ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር ሱቅ ያለው፣ የባምላኩን እናት ሽሮ ፍትፍት አንድ ቀን ቀምሶ በዚያው ቀለጠ። ባምላኩ ደግሞ በሱቁ ብስኩት ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ በየእረፍቱ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ይለዋወጣሉ። ብስኩቱ ሲያልቅ ከረሜላ፣ ከረሜላው ሲያልቅ ለስላሳ፣ ሁሉም ሲያልቅ ረሃብ። ከእረፍት በኋላ ባምላኩ ወይ ያንቀላፋል፣ ወይ ሆዱ እንደ ቡሬ አውቶቡስ ጡሩምባ ይነፋል።

ቤት የሚመለሰው ምሳ ዕቃ ግን ሁልጊዜ ተጠርጎ ያለቀ ነው። ጉንጩ ሞላ፤ የሱሪው ቁልፍ አልገጥም አለ። እናቱ እታለም ምግቧ ለልጇ ተስማማ ብላ ፈጣሪዋን አመሰገነች።

ከሜዳው ፊቱ አመድ መስሎ ሲመጣ ግን ምን ነካህ አለችው። እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ችግሩ ባምላኩ መሆኑ ነው። መሐመድአሚን «ባሜ አይዋሽም፤ ወሬ ያወፍራል» ይለዋል። ከባሕር ዳር የሚመጣውን አውቶቡስ እስከ ደምበጫ በእግሩ ተወዳድሮ፣ ሹፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «እባክህ ቀስ በል፤ ተሳፋሪ ፊት አታዋርደኝ» ብሎ እንደለመነው ለመንደሩ ሁሉ ያወራ ልጅ ነው። ሰው ይስቃል፤ ማንም አያምንም።

ይኼንንም እንደዚያ መስሎት ጀመረው። ጎረቤታቸው እትየ እህተ ማርያም ጠዋት በአጥር በኩል «ባምላኩ፣ ሞላ ብለሃል ሳ» ብለውታል። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ሴትዮዋ በሕፃንነቱ ያዘሉት ናቸው፤ ደስ ብሏቸው ነው ያሉት። ብቻ ዓይን እንዳይነካው «እንትፍ፣ እንትፍ» ማለቱን ዘነጉት። ባምላኩ ከዚያ አወፈረው። ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ አዩኝ አለ፤ በመካከላችን ያለፈች ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ወደቀች፣ የኔም ጉልበት ጧ አለ።

እናቱ ትስቃለች ብሎ ጠበቀ። አልሳቀችም። በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ወሬው ከባምላኩ የተሻለ ሯጭ ነበር። ቦኖ ውኃው ጋ ሲደርስ ዶሮዋ በግ ሆናለች፤ ወፍጮ ቤት ሲደርስ የእርሻ በሬ። እትየ እህተ ማርያም ሲያልፉ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት መሸፈን ጀመሩ። በአጥሩ በኩል የሚመጣው የጠዋት ሰላምታም ቀረ። ባምላኩ መጀመሪያ ጸጥታውን አልወደደውም፤ ቀጥሎ ፈራው። ሲፈራ ደግሞ ብስኩት ይበላል።

አንድ ቀን የመሐመድአሚን ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ሲያላምጥ፣ እትየ እህተ ማርያም ሳሙና ሊገዙ መጡ። ተራ ይዘው የነበሩ ሁለት ሴቶች ምንም ሳይገዙ ሄዱ። እሳቸው ዞር ብለው አላዩአቸውም። መጀመሪያ ብስኩቱን፣ ቀጥሎ ባምላኩን ተመለከቱ።

«አይዞህ ልጄ» አሉት። «አንተንም እኔንም የጎዳን መክሰስ ነው።»

ሳሙናቸውን ይዘው ወጡ። ባምላኩ ፈገግ አለና እትየም ብስኩት ይወዳሉ እንዴ ብሎ ጠየቀ። መሐመድአሚን አልሳቀም።

«ብስኩቱ ሰሙ ነው» አለው። «ወርቁን ፈልግ። መክሰስ፤ የሚበላው አለ። ከሳሽ ሆኖ ሰው መወንጀልም አለ። ያንተ የትኛው ነው?»

ሁለቱም ነበሩ። በአፉ የቀረው ብስኩት እንደ ጤፍ ገለባ ደረቀበት።

በማግሥቱ የእናቱ የማርያም ማኅበር ተራ ነበር። በእረፍት ሰዓት ምሳ ዕቃውን አልለወጥም አለ፤ ሊበላው ከፍቶም አልነካውም። መልሶ ከድኖ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። መሐመድአሚን ፍትፍቱን በዓይኑ ሸኘው እንጂ አልጠየቀም።

ቤት ሲደርስ ጠላው ተጠልሏል፤ ዳቦው ተቆርሷል። እናቱ ሄዶ ማኅበርተኞቹን እንዲጠራ ላከችው። ያምሮትን፣ ሠርክአዲስን፣ አቻምየለሽን እያለች እስከ ጎረቤቷ አጥር ድረስ ቆጠረችና አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እትየ እህተ ማርያምስ?» አላት።

እናቱ ሆድ ሆዱን አየችው፣ ቁስል እንደሚያይ ሰው። «ልጅ አለኝ» አለች።

የተባሉትን ጠርቶ ሲመለስ እግሩ እትየ እህተ ማርያም በር ላይ ቆመ። እሳቸው የታጠበ ነጠላቸውን ለብሰው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ማኅበርተኛ ናቸውና ቀኑን ያውቁታል። ያልተጠራ አይሄድም፤ ግን ድንገት የሚጠራ ቢመጣ ብለው ተሰናድተዋል።

«እማየ ትጠራዎታለች» ማለት ለባምላኩ ቀላል ነበር፤ ምላሱ ለዚህ የተሳለ ነው። ይመጡለት ነበር። ከዚያስ? አጠገባቸው የምትቀመጠው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ ትላለች።

«እትየ» አለ፣ «ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ቤት ሲገባ ማኅበርተኞቹ መደቡ ላይ ተደርድረዋል። እናቱ ከመጋረጃው ጀርባ ጠላ ትቀዳለች። ሁሉንም ጠርቶ እንደሆነ ጠየቀችው።

«አንድ ሰው ቀርቷል» አላት።

ከቦርሳው ምሳ ዕቃውን አውጥቶ ፊቷ ከፈተው። ፍትፍቱ ጠዋት እንዳደረገችው ነው፤ ዘይቱ ብቻ ረግቷል። እናቱ እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። «አሞሃል እንዴ ሳ?»

«አላመመኝም። በልቼው አላውቅም፤ ከመስከረም ጀምሮ።»

ማሰሮው እጇ ላይ ቀረ። ባምላኩ ዞሮ መጋረጃውን ሰበሰበው። መደቡ ላይ ያሉት ሴቶች ሁሉ ቀና ብለው አዩት፤ ዶሮዋን በግ፣ በጉን በሬ ያደረጉት እነሱም ነበሩ።

«እማየ፣ አረፍ በይና ስሚኝ» አለ። «ይኼኛውን አላወፍረውም።»