ክብ የነበሩት ወንበሮች

እናትየዋ ስህተቷን ያወቀችው ቃሏን ሰጥታ ከወጣች በኋላ ነበር።

«ትናንት ማታ ልጅዎን ሲወስዱ የክፍሉ ወንበሮች እንዴት ነበሩ?» ብላ ጠይቃት ነበር መርማሪዋ፤ እሷም ምን ቸገረኝ ብላ፣ «እንደ አውቶቡስ መቀመጫ ተሰልፈው» አለች። አሁን ግን ልጇ ኮሪደሩ ላይ ጠጋ ብላ፣ «ክብ ሠርተን ስንከራከር ነበር ብዬ ነግሬያታለሁ፣ እማ» ስትላት ወደ መርማሪዋ በር ዞረች። በገዛ አፏ ልጇን ውሸታም አድርጋታለች!

አዛውንቱ የታሪክ መምህር ሞተው የተገኙት ያን ዕለት ጠዋት ነው። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ የመማሪያ ክፍሉን ስትከፍት መስኮቱ ሥር ወድቀው አገኘቻቸው፤ የመስኮቱ የብረት ጠርዝ ደም ነክቶታል። ኮሌታቸው ተቀዶ ስለነበር ራሳቸው ወደቁ የሚል ሰው ጠፋ። ረዳት መምህሩ ደግሞ፣ ልጅቷ ስትዝትባቸው ሰምቻለሁ አለ።

እናትየዋ ድሮም ፈርታ ነበር። «ታሪክ ተምረሽ ምን ልትበይ ነው? ነርስነት ምን አለው?» ብላ ስንት ጊዜ ጨቅጭቃታለች። ማታ ማታ መጥታ ስለምትወስዳት የልጅቷ ጓደኞች «ጠባቂ መልአክ» እያሉ ይስቁባታል። ዛሬ የሚስቅ የለም።

መርማሪዋ ቃል የምትቀበልበት የትምህርት ክፍሉ ቢሮ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ረዳት መምህሩ የሚለው ሁሉ ይሰማል።

«ምን አለች?»

«‹ይህ ሰው ከዚህ በሕይወት መውጣት የለበትም!› ተማሪዎቹ ወጥተው ሁለቱ ብቻ ነበሩ የቀሩት።»

«አዩዋት?»

«በበሩ መስታወት። ክብ በሠሩት ወንበሮች መሃል ቆማ ጣቷን ቀስራባቸዋለች። ደንግጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«ከመምህሩ ጋር ትውውቃችሁ ከመቼ ነው?»

«ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ማለት ነበሩ።»

ክብ! እሱም ክብ አለ። እናትየዋ አላስቻላትም፤ እሱ ሲወጣ እሷ ገባች።

«ቅድም ተሳስቼ ነው፤ ወንበሮቹ ክብ ነበሩ።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻት። አጭር፣ ድምፀ ቀዝቃዛ ሴት ናት።

«እናቴ፣ እኔ የማምነው የመጀመሪያውን ነው» አለች። «ይሂዱና ሁሉንም ይጥሩልኝ።»

ከሰዓት በኋላ መምህሩ በሞቱበት የመማሪያ ክፍል ተሰበሰቡ። እናትየዋ የልጇን ክንድ አጥብቃ ይዛለች።

«ትናንት በክርክሩ ምን ሚና ደረሰሽ?» አለች መርማሪዋ።

«የተማረከው ንጉሥ ይገደል የሚል ዐቃቤ ሕግ» አለች ልጅቷ። «የኔ ሐሳብ እንኳ ይፈታ ነበር። መምህራችን ግን የማናምንበትን ወገን ነው የሚሰጡን። በማትስማሙበት ሰው ጭንቅላት ካላሰባችሁ የራሳችሁንም አታውቁትም ይሉናል።»

«ክርክር መሆኑን እኔ በምን አውቄ!» አለ ረዳት መምህሩ።

«የእሳቸው ተማሪ ነበሩ» አለች መርማሪዋ፤ «ያውቃሉ። ተማሪዎቹ እንደነገሩኝ ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ ክርክሩ ሲያበቃ ወንበሮቹን ወደ ሰልፋቸው ሳይመልስ የሚወጣ ተማሪ የለም። ጠዋት ወንበሮቹን እንዴት አገኘሻቸው?» ብላ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች።

«ተሰልፈው» አለች ጸሐፊዋ።

«እናትም ልጃቸውን ሲወስዱ ወንበሮቹ ተሰልፈው ነበር፤ መምህሩም በሕይወት ቆመው ተሰናብተዋቸዋል። እንግዲህ እርስዎ ክቡን ያዩት ክፍሉ በተማሪ ሞልቶ ሳለ ነው። ተማሪዎቹን ከወሬው ያወጧቸው እርስዎ ነዎት።»

«የእናት ቃል! እናት ለልጇ ምን የማትለው አለ?»

«ልክ ነዎት፤ እኔም ያንን ጠየቅኩ። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው የተማርኩት። የነገሥታቱን ስም ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁት የሚናገረው ማን ነው፣ ምን ይጠቀማል፣ ምንስ ዘለለ ብሎ መጠየቅን ነው። እኚህ እናት ስለ ወንበሮቹ ሲነግሩኝ ጥቅሙን አያውቁም ነበር። እንዲያውም ተመልሰው ሊያበላሹብኝ ነበር።»

እናትየዋ ፊቷ ጋለ።

«ከዚያ ራሴን በእርስዎ ቦታ አድርጌ አሰብኩ» ቀጠለች መርማሪዋ ወደ ረዳት መምህሩ ዞራ። «መምህሩ ብቻቸውን እስኪቀሩ ደጅ የቆመ ሰው ምን ቢፈራ ነው?»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች። «የተማሪ ጥናት በስሙ እንዳሳተመ መምህሩ ደርሰውበት ነበር። ጡረታ ስወጣ ወንበሬን ለሱ አልለቅም ብለውኛል።»

ረዳት መምህሩ መስኮቱን ላለማየት ዞረ።

«ልለምናቸው ነበር የገባሁት...» አለ። «ፊታቸውን አዞሩብኝ። ኮሌታቸውን ያዝኩ... ገፋኋቸው።»

ማምሻውን ቤት፣ እናትየዋ የእራቷን ሳህን ገፋ አደረገች።

«ትናንት ማታ ያንን ረዳት መምህር ደረጃው ላይ አግኝተነው ነበር እኮ» አለች። «እኛ ስንወርድ እሱ ሲወጣ። ጥግ ይዞ አሳለፈን፤ ‹ደህና እደሩ› አለን።»

ልጅቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ ልብም አላልኩት። ይህን ለመርማሪዋ ነገርሻት?»

«ሰላምታ የሰጠ ሰው ምን ብዬ ልጠርጥር!»

«ነገ አብረን ሄደን እንነግራታለን። ከዚያ ክፍል እገባለሁ።»

«ነገማ ከዚህ ንቅንቅ አትይም!»

«እማ፣ የሳቸውን ትምህርት እኛ ካልጨረስነው ማን ይጨርሰዋል?»

እናትየዋ ብዙ ልትል አፏን ከፈተች። «እንግዲያው እኔም እገባለሁ» አለች በመጨረሻ። «ከኋላ ቁጭ እላለሁ።»

ተነስታ ለሌሊቱ የደጁን በር መቀርቀሪያ ገፋች፤ ቁልፉን አዞረች፤ እጀታውንም ደጋግማ ሳበችው። በሩ አልተነቃነቀም።