የእንግዳ ጫማ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም። ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ «ይቺ ሴት ድሮም ጅን አየሁ ባይ ናት» እንዳትሉኝ ነው። ልጅ ሳለን ማጀቴ ከተማ፣ እናታችን «ቀትር ላይ ግቢ ውስጥ አትዙሩ፣ የእነሱ ሰዓት ነው» ስትለን ከእህቶቼ መሃል የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ኋላም ሸዋ ሮቢት ተድሬ መጥቼ፣ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ምናምን ዓመት ስሠራ፣ በዚህ ከተማ ቀትር ላይ ሰው ደጅ የማይታየው በጅን ሳይሆን በሙቀት ነው እያልኩ ከስንቱ ጋር ተከራክሬያለሁ። ዛሬም ብትጠይቁኝ በሙቀት ነው እላለሁ፣ ግን እንደ ድሮው ድምፄን ከፍ አድርጌ አይደለም።

ከድጃ እባላለሁ፣ ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል በቀን አከራያለሁ። ክፍሏ የራሷ መታጠቢያ ቤት አላት፣ ማንጎው ያጠላባታል፣ ስለዚህ ሰው ይወዳታል፣ ለሠርግ የሚመጣው፣ ሽንኩርትና ማሾ ሊገዛ የሚመጣው፣ የደብረ ሲና ብርድ ጉልበቱን አላስኬድ ብሎት ሙቀት ፍለጋ የሚወርደው ሽማግሌ፣ ሁሉም ስልኬን ከሆነ ሰው ያገኛል። እንደኔ የሚያከራዩ ሴቶች በስልክ የምንጻጻፍበት ማኅበር ቢጤ አለን፣ እመኑኝ ወሬያችን ሁልጊዜ አንድ ነው፣ እንግዳው አልወጣም። አንዷ «ዛሬ እወጣለሁ ያለው ሰውዬ ልብሱን በሙሉ አጥቦ አሰጣ» ትላለች፣ ሌላዋ «ለሁለት ቀን የመጣችው ሴትዮ ዶሮ ገዝታ ግቢዬ ውስጥ አስራለች፣ እንቁላሏን ልትጠብቅ ነው መሰለኝ» ትላለች። ይሄ ሥራ ክፍል ማከራየት ሳይሆን ሰው እስኪወጣ መጠበቅ ነው፣ ደግሞ ይደክማል፣ መጠበቅ ምን ያደክማል የሚል ካለ መጥቶ ይሞክረው።

ችግሩ እኛ ዘንድ እንግዳ ውጣ አይባልም። ቢከፍልም ባይከፍልም ደጃችንን ከረገጠ እንግዳ ነው፣ እናቴ «እንግዳን ሂድ ማለት ሪዝቅን፣ ሲሳይን፣ ሂድ ማለት ነው» ትል ነበር። ግን እሷም ሰው ናትና ይሰለቻታል፣ እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ይባል የለ፣ ስለዚህ ሦስት ቀን ካለፈው ጠዋት ማንም ሳያያት ትነሳና የእንግዳውን ጫማ ፊቱን ወደ ውጭ በር ታዞረዋለች። ይኸው ነው። እንግዳው ሲወጣ ያየዋል፣ ይገባዋል፣ ምንም እንዳልተፈጠረ «ልሂድ እንግዲህ» ይላል፣ እሷም «ምነው፣ ምን ያስቸኩልዎታል፣ ይቆዩ እንጂ» ትለዋለች። ውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፣ ግን ያቺ «ምን ያስቸኩልዎታል» ካልተባለች እንግዳው ተባረረ ማለት ነው፣ እናቴም ሳትላት ቀርታ አታውቅም። እኔም ከእሷ ወርሼ ስንቱን ነጋዴ በጫማው ሸኝቼዋለሁ።

ያን ሰሞን ግን ነገሩ የዋዛ አልነበረም። አንድ ልጄ ሐያት ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፣ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያው ጨንግፎባት ዓመት ሙሉ ከሰው ሳትቀላቀል ከርማለች፣ ስለዚህ «ይሄንን እማዬ ጋ ሆኜ ነው የምወልደው» ብላ ዓርብ ልትመጣ ቆርጣለች። የእኔ መኝታ ቤት የቆርቆሮ ጣራው ኮርኒስ የለውም፣ ቀን ቀን ለጤነኛም አይሆንም፣ ለእሷ የምትሆነው ያቺው የማንጎ ጥላ ያለባት ክፍል ብቻ ናት። እስከ ሐሙስ መለቀቅ አለባት።

ቅዳሜ ዕለት ከደብረ ሲና አንድ ሰው ደወለ፣ አባቱን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ እሑድ ወርደው ሦስት ቀን ቆላ ከርመው ረቡዕ ጠዋት እንደሚመለሱ ነገረኝ። ቀኑን ቆጠርኩት፣ ይበቃኛል፣ እሺ አልኩ።

እሑድ ልክ ቀትር ላይ፣ የባጃጅ ድምፅ እንኳ ሳልሰማ፣ ሽማግሌው ግቢ ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ረዘም ያሉ፣ ከሲታ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ የለበሱ፣ እግራቸው ላይ ዛሬ ሰው የማያደርገው የጎማ በረባሶ።

«እንኳን ደህና መጡ አባባ፣ ልጅዎ ደውሎልኛል» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» ብለው ክፍሏ የትኛዋ እንደሆነች ሳይጠይቁኝ መንገድ ጀመሩ። መሃል ላይ ቆም አሉና ወደ ክፍሏ ጀርባ አዩ። «ጉድጓዱን ደፈናችሁት?» አሉኝ።

«ቆየ እኮ አባባ፣ ቧንቧ ከገባ በኋላ ነው» ብዬ ምሳ ላቅርብ ብዬ ገባሁ። አሮጌ ግቢ ሁሉ የውኃ ጉድጓድ ነበረው፣ ምንም አልመሰለኝም።

ጨዋ እንግዳ ነበሩ፣ ይሄን አልክድም። ምግብ በትሪ ደጃቸው ላይ አኖራለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ሳይ ትሪው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ የእኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፣ መቼ እንዳመጡት አላይም። ስልክ አያወሩም፣ አያስሉም። ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ሆነ፣ እንግዳ ክፍል የሚያስረክብበት ሰዓት ነው፣ አልወጡም። ይሁን፣ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ሄድኩና በረባሷቸውን ወደ ውጭ በር አዞርኩት። ቀትር ላይ ሳይ ወደ ክፍሉ ዞሯል። ወጥተው ሳያስተውሉት ገብተው ይሆናል ብዬ ደግሜ አዞርኩት፣ ከዐስር ሶላት ስነሳ እንደገና ወደ ውስጥ። ያን ቀን ተናደድኩ እንጂ አልፈራሁም፣ በዕድሜዬ ጫማ አዙሬበት ያልገባው ሰው አልገጠመኝም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሐያት ደወለች፣ «እማ፣ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጊልኝ እሺ» አለችኝ። እሺ አልኳት። በረባሶውን ለሦስተኛ ጊዜ አዙሬ ሳሎን በር ላይ ተቀመጥኩና ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሰፈሩ ጭጭ አለ፣ ፍየሎቹ እንኳ ግድግዳ ጥላ ስር ተኝተዋል። ያኔ ከክፍሏ ጀርባ ገመድ እንጨት ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ቀስ እያለ፣ ሰው ከባድ ነገር ሲስብ እንደሚሆነው፣ ቀጥሎ ውኃ ከባልዲ ወደ ማንቆርቆሪያ ሲንቆረቆር። እናንተ፣ ቧንቧችን ውኃ ካመጣ ያኔ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ተነስቼ በጀርባ ዞርኩ። ማንም የለም፣ ሲሚንቶው ደረቅ ነው፣ ሙቀቱ በነጠላ ጫማዬ አልፎ እግሬን ፈጀኝ። በሌላው በኩል ዞሬ ፊት ለፊት ስደርስ በረባሶው ወደ ውስጥ ዞሯል።

እዚያ ላይ መሸሽ ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። ግን ደክሞኝ ነበር፣ የደከመው ሰው ደግሞ ለመፍራትም አቅም ያጣል፣ ነገ የሚደርሰው የልጄ ሆድ ነው የሚታየኝ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ገፋ አደረግሁት። ሽማግሌው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል።

«አፉ በሉኝ አባባ» አልኩ፣ በሕይወቴ እንግዳን በአፌ ሂድ ስል የመጀመሪያዬ ነው። «ልጄ ነገ ልትወልድ ትመጣለች። ክፍሏን ቢለቁልኝ።»



«ለልጅሽ ነው?»

«አዎ አባባ፣ አንድ ናት።»

«እንግዳን ሂድ አይሉትም፣ ልጄ» አሉ ሳይዞሩ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ እንደ እኔው የደከመ ነው። «እኔም እስከ ዛሬ ሂዱ አላልኩም።»

«ማንን ነው አባባ?» ስል ሳሎን ያለው ስልኬ ጮኸ። ሐያት መስላኝ ሮጥኩ። የደብረ ሲናው ሰውዬ ነው።

«እትዬ ከድጃ፣ ሳልደውልልዎ ቀረሁ፣ በጣም ይቅርታ» አለኝ። «አባቴን እሑድ ሊወርድ ሲል ትኩሳት ይዞት እስካሁን ከአልጋ አልተነሳም። ክፍሉን ይዘውልን ከሆነ ለሌላ ሰው ይስጡት።»

ስልኩን እንደያዝኩ ተመለስኩ። ክፍሏ ባዶ ናት። አንሶላው እሑድ ጠዋት እንዳነጠፍኩት ነው፣ አንድ እጥፋት አልተነካም። በረባሶውም የለም፣ የግቢው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ ክፍሏ ተለቀቀች አልኩ፣ ከዚያ ነው ቢስሚላህ ያልኩት።

እስካሁን ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ፣ ዙሪያውን የምሄደው እሱን ላለመናገር ነው። ይህ ግቢ የእኛ አልነበረም። ጋሽ ሙሄ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፣ ባሌ ወንደላጤ ሆኖ እሳቸው ዘንድ በነፃ ነበር የሚኖረው። ታመው ሩቅ አገር ልጃቸው ዘንድ ሊታከሙ ሲሄዱ «እስክመለስ ግቢዬን አደራ» ብለውት ሄዱ። እኔ ተሞሽሬ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ስለሆነ መልካቸውን አላውቅም። ዓመት ጠበቅናቸው፣ ሁለት ዓመት ጠበቅን፣ እሳቸውም አልመጡ፣ ልጅ ነኝ ብሎ የመጣም የለ። አፈላልገን ነበር ብላችሁ እዋሻለሁ፣ አላፈላለግንም፣ እንዳይገኙ ፈርተን ነበር። ኋላ ባሌ ጉድጓዱን ደፈነው፣ ያቺን ክፍል ሠራት፣ ካርታውም በስሙ ወጣ። ሊሞት ሲል «ከድጃ፣ ምናልባት ከመጡ…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ።

ሐያት ዓርብ መጣች፣ በሳምንቱ ጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግላ ወንድ ልጇን ይዛ እዚያችው ክፍል ገባች። ስለ ሽማግሌው አልነገርኳትም፣ አራስ አይነገራትም። ማከራየቱንም ተውኩ፣ ለሴቶቹም በአራስ አሳበብኩ። ልጁ ጡት እየጠባ፣ ማንጎው እያጠላ ሦስት ሳምንት ምንም ሳይሆን አለፈና፣ እኔም በሙቀት ነው፣ በድካም ነው ማለት ጀመርኩ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አጥሚቷን ሰጥቻት ልወጣ ስል «እማ» አለችኝ ሐያት፣ «ጫማሽን ማነው እንዲህ የሚያስቀምጥልሽ? ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

ደጃፉ ላይ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ አለ። የእሷ ስትገባ እንዳወለቀችው ወደ ክፍሉ ዞሯል። የእኔ ፊቱን ወደ ውጭ በር አዙሮ፣ ግራና ቀኙ ተስተካክሎ ተቀምጧል።

ሳወልቅ አዙሬው ይሆናል ብዬ በማግስቱ ሆን ብዬ ወደ ውስጥ አድርጌ አወለቅሁት። ቀትር ላይ ዞሯል። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። የልጄን አንድ ቀን አልነካውም፣ የእኔን ብቻ ነው።

ትናንት ልጄና ልጇ ሲተኙ በባዶ እግሬ ወደ ክፍሏ ጀርባ ሄድኩ። ገመዱ ይሰማል፣ ውኃውም ይንቆረቆራል። ሲሚንቶው አጠገብ ቆምኩና እንደ ወጉ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ልሂድ እንግዲህ» አልኩ። ውኃው ቀጥ አለ። ፀሐዩ አናቴን እስኪያዞረኝ ቆሜ ጠበቅሁ፣ «ምን ያስቸኩልሻል» ያለኝ ግን የለም።