ባዶ ጎታ

እንዳለው የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ቡሬ ካለው የመሬት መዝገብ ቢሮ ጓሮ፣ ከውኃ ማማው ሥር ሞቶ ተገኘ። ሲወድቅ ጎረቤት የሰማው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት የአንዲት ባልቴት መሬት በኮምፒውተር ወደ ሌላ ሰው ስም ዞሮ ተደርሶበት ስለነበር፣ «መዝገቡ በእጁ ነው፤ አፍሮ ራሱን ጣለ» ተባለ።

ኢንስፔክተር እህተ ማርያም ከፍኖተ ሰላም ስትደርስ የሟቹ ሚስት ፋናዬ በር ላይ ጠበቀቻት።

«እመቤቴ፣ ራሱን ገደለ ከተባለ ፍትሐት የለውም። ቄሶቹ የእርስዎን ቃል ነው የሚጠብቁ።»

«ገና ቃል አልሰጠሁም፣ እኅቴ።»

ጠዋት ሟቹን በሰው ፊት የዘለፉት ኃላፊው አቶ ዳኘው ነበሩ።

«ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ስብሰባ። ሳዛጋ ሃያ ሰው አይቶኛል።»

የሟቹ ባልደረባ ወንዳወቅ ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ልጁን ክርስትና ያነሣለት እንዳለው ነው፤ አበልጆች ናቸው።

«ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ከኮምፒውተሩ ክፍል አልወጣሁም። የመዝገቡን ፋይል በመጠባበቂያው ዲስክ ላይ ስገለብጥ ነበር። አምስት መቶ ጊጋ ነው፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ይጠፋል ብዬ ዓይኔን አልነቀልሁም።»

ኢንስፔክተሯ ዲስኩን አገላብጣ የተጻፈበትን አነበበችና መልሳ ሰጠችው።

ጸሐፊዋ ሰብሊ በፊት ለፊቱ በር ተቀምጣ ውላለች።

«ወንዳወቅ ሰባት ሰዓት ሲገባም፣ አሥር ሰዓት ሲወጣም አይቸዋለሁ። በጓሮው በር ወጥቶ እንደሁ እንጃ። ቁልፉ ያለው በእሱና በጋሼ እንዳለው እጅ ብቻ ነው።»

«ይህ ፋይል በጣም ትልቅ ነው አሉ።»

ሰብሊ እንባዋ ሳይደርቅ ፈገግ አለች። «ጋሼ ‹ጎታው› ነበር የሚለው። ‹ከውጭ ሲያዩት የሚያህለው የለም፤ ውስጡ ግን እፍኝ እህል ነው። ባዶውን ዝለል፣ እህሉን ብቻ ዝገን› እያለ ወንዳወቅን ሲያስተምረው ሰምቻለሁ።»

በማግሥቱ ሁሉም በኃላፊው ክፍል ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተሯ ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ፋይሉ አምስት መቶ ጊጋ ይባላል እንጂ የተጻፈበት አራቱ ብቻ ነው። ዝም ብሎ የገለበጠ ሰው ባዶውንም ይጭናል፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ግን ይህ ዲስክ የሚይዘው ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። የአምስት መቶ ኩንታል ጭነት በዚህ ጋሪ እንዴት ገባ፣ ወንዳወቅ?»

ወንዳወቅ ወደ በሩ አየ።

«ባዶውን ዘለልኸው። እንዳለው እንዳስተማረህ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብህም። የቀረውን ሰዓት ለምን ዋሸኸኝ?»

«አበልጄን ለምን እገድላለሁ?»

«የባልቴቷን መሬት ማን እንዳዞረው ከመዝገቡ ደምስሰሃል። የቀረው በዲስኩ ላይ የነበረው ያለፈው ዓርብ ቅጂ ነው፤ በላዩ ላይ ገለበጥህበት። እንዳለው ግን ዓርብ ዓርብ ሌላ ቅጂ ለፋናዬ ይሰጣት ነበር። ትናንት ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችኝ፤ የአንተ ስም አለበት።»

ወንዳወቅ ተቀመጠ።

«ማማው ሥር ጠርቶ መከረኝ… ‹ራስህ ተናገር፣ አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። ዝም በልልኝ አልሁት፤ እንቢ ብሎ የማማውን ውኃ ሊያይ ወጣ። ተከተልሁት። ገፋሁት።»

ፋናዬ አላለቀሰችም። «ልጅህ የክርስትና አባቴን ማን ገደለው ቢለኝ፣ ምን ልበለው?»

ኢንስፔክተሯ በሩን ከፍታ ደጅ ለቆሙት ቄስ ቃሏን ሰጠች፦

«አባቴ፣ ይፈታ።»