አራተኛው መለኪያ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ፲፰፻፶፱ ዓ.ም.፣ የሩሲያ ንጉሠ ነገሥት በሚገዛው በዠማይትያ ምድር፣ አጃው ታጭዶ ነዶው ገና ከማሳ ሳይነሣ፣ የላውክስቴናይ መንደር የአረቄ ቤት ደጃፍ ሣር በቅሎበት ነበር፤ ምእመናኑ በየካቲቱ የሻማ በዓል አረቄን በመሐላ ትተው ስማቸውን በቤተ ክርስቲያኑ የመታቀብ ማኅበር መዝገብ አስፍረዋልና። ጠላ በልክ ተፈቅዷል፤ አረቄ ግን አንድ ጉንጭም ብትሆን ስምን ከመዝገብ ታስፍቃለች።

ከማሉት አንዱ የጋሪ እግር ጠራቢው አኑፕራስ ነበር፤ ሃያ ዓመት የጠጣ፣ ሲጠጣም አፉ ከመክፋቱ የተነሣ ጎረቤት ልጆቹን ወደ ቤት የሚያስገባበት ሰው። ስድስት ወር ሙሉ ግን አረቄ ወደ አፉ አልገባም፤ ስድብም ከአፉ አልወጣም። ሚስቱ ዶሚጼሌ እንቅልፍ የሚባል ነገር ያወቀችው በእነዚህ ወራት ነው።

መንደሩ ሲታቀብ መንግሥት ከአረቄ የሚሰበስበው ግብር ጎደለ፤ የወረዳው ሹምም በገበያ ቀን ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣና «የድሮው ዋና ጠጪ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። አኑፕራስን አሳዩት።

«የግርማዊነታቸውን አረቄ የናቀ ግርማዊነታቸውን ንቋል። ክፈት አፍህን!»

«ጌታዬ፣ በእመቤታችን ይዤዎታለሁ፤ ምያለሁ!»

«መሐላህን እኔ አወራርድልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ዋጥ!»

ወታደሮቹ እጁን ጠምዝዘው፣ በማንኪያ እጀታ ጥርሱን ፈልቅቀው ቀዱበት። አንደኛውን መለኪያ ተፋው፤ ሁለተኛው በአገጩ ፈሰሰ፤ ሦስተኛው እያነቀው ወረደ። በአራተኛው ማንኪያው ወልቆ ነበር፤ አፉ ግን አልተዘጋም። ጠጣው፤ ጣመውም። ይህን ያስተዋለ አልነበረም።

ሹሙ ሲሄድ ገበያተኛው እያለቀሰ ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደው። የሰበካው ቄስ አባ ራፖላስ ግንባሩን ሳሙት።

«አባ፣ ስሜን ይፋቁት። አራተኛውን እኮ...»

«ዝም በል ልጄ! አጠጡህ እንጂ አልጠጣህም። አራተኛውም፣ አርባኛውም ቢሆን!» አሉና ደወል አስደወሉለት።

ደወሉ እየተደወለለት እውነቱን የሚናገርበት አቅም አጣ።

ቤት ሲገባ ዶሚጼሌ የደማ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ልትጠርግለት ጎንበስ አለች።

«የኔ ምስኪን! እነዚህ አረመኔዎች...»

እጇን መታና የሞተች እናቷን አጥንት የሚያወጣ ስድብ ሰደባት፤ ያንኑ የድሮውን። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«ይኼ ስድብ ብቻውን አይመጣም፣ አኑፕራስ። ምን ሆነሃል?»

«አራተኛውን ራሴ ነኝ የጠጣሁት» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ለአባ ንገራቸዋ!»

«ልነግራቸው ነበር፤ አልሰማ አሉኝ።»

«እኔ ስሰማህ ታዲያ ምን ላድርግህ?» አለችው። የምታደርገው አልነበራትም።

በኅዳር መጠጣት ጀመረ። ማንም አልገሠጸውም፤ «ግፍ የተሠራበት ሰው ነው» እያሉ ደግፈው እስከ ቤቱ ያደርሱት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ስድብ የምትሰማው ዶሚጼሌ ናት። አባ ራፖላስም ደወል ያስደወሉለትን ሰው ስም ለመፋቅ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አኑፕራስ በሦስተኛው ዓመት ሞተ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንግሥት ማኅበሩን አገደ፤ መዝገቡ ግን ተደብቆ ተረፈ። ከአኑፕራስ ስም አጠገብ፣ በአባ ራፖላስ የእጅ ጽሕፈት፣ «ስለ መሐላው አራት መለኪያ በግድ አጠጡት፤ እርሱ ግን ጸና» ተብሎ ተጽፏል፤ የአገሩ ሰው ይህን እያነበበ እስከ ዛሬ ይኮራበታል። ስለ ዶሚጼሌ አንድም ቃል የለም፤ ከአራቱም መለኪያ እውነቱ ሦስቱ ብቻ ነው።