ድልድይ የሚከፈለው በጀልባ ነው

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «ጭጋግ ነው፣ ዓይንሽ ነው» ይለኛል። ባሌ ራሱ እንዲያ ነው የሚለው።

ይበሉ። ዓይኔ ደህና ነው። የዚያን ዕለት ቢላዋውን የያዝኩትም እኔ ነኝ፣ እነሱ አይደሉም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፣ መስከረም ውስጥ። ቦታው እኛው አገር፣ ቦይና ሐይቅ የሞላበት ፍሪስላንድ፣ ከስኔክ ከተማ ወደ ቤታችን በሚወስደው ጠባብ ቦይ ላይ ነው።

ባውክዬ እባላለሁ። ባሌ ዊብረን ይባላል። ጀልባችን ባለ ሞተር ናት፣ ትንሽ መኝታና ምድጃ አላት። «ችኮ» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። በማን እንደሰየማት ጠይቄው አላውቅም።

በዚያ ዓመት የዊብረን ልብ ታመመች። ሐኪሞቹ የቀዶ ጥገናውን ቀን ቆረጡለትና «እስከዚያ ከቤትህ አትራቅ» አሉት። እሱ ደግሞ ከዚያ በፊት በቦዩና በሐይቁ እስከ ደቡብ ወሰን ደርሰን ካልተመለስን ብሎ ድርቅ አለ።

«መንገድ ላይ ብሞትብሽስ?» አለኝ፣ እየቀለደ።

«አትሞትም። እንደወሰድኩህ እመልስሃለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም ያንን ቃል ይዤ ተነሳሁ።

ለሳምንታት ሄድን። እሱ መሪ፣ እኔ ገመድ። ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውሃ በሮች ውስጥ ስንገባ እንጣላለን፣ ስንወጣ እንታረቃለን። ፀሐይ መታው፣ ፊቱ ቀላ፣ ቅርንፉድ ያለበትን አይብ በጥቁር ዳቦ እየገመጠ «ሐኪሞቹ ምን ያውቃሉ» ይለኝ ጀመር። እኔም እንዲያ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ስንመለስ፣ ለቤታችን የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረን... ጭጋጉ ወረደ።

ዊብረን መሪው ላይ ነው። እኔ ከጎኑ ሆኜ ስኳር ዳቦ እቆርጣለሁ።

መጀመሪያ የገረሙኝ ዳክዬዎቹ ናቸው። ቦዩ ዳር ተደርድረዋል። ሁሉም ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተዋል። ዳክዬ ዳቦ የያዘ ሰው እያየ ፊቱን ሲያዞር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ከፊታችን ድልድይ ብቅ አለ።

«ዊብረን... እዚህ ጋ ድልድይ ነበር እንዴ?»

«ይኸው አለ አይደል።»

«ሠላሳ ዓመት ስንመላለስ የት ነበር?»

«አንቺ ደግሞ ውሃ ቀጠነ ብለሽ ትጣያለሽ።»

ትንሽ ነጭ የእንጨት ድልድይ ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ ካልተከፈተ አናልፍም። ከላይ የጠባቂው ቤት አለ፣ መስኮቱ ላይ ቀይ አበባ። ጭጋጉ ሁሉን ነገር ሲያረጥብ አበባውን ግን ጠብታ አልነካውም።

ከድልድዩ ስር ውሃው ዳር ጣውላ ተነጥፏል። ጣውላው ላይ አንድ ባዶ ወንበር ተቀምጧል። ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ።

ዊብረን ጥሩምባውን ነፋ።

ከላይ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ወጣ። ጫፉ ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ የእንጨት ጫማ ቀስ እያለ ወደ እኛ ወረደ። ይህ እኛ ጋ የተለመደ ነው። ሳንቲሙን ጫማው ውስጥ ትጥላላችሁ፣ ጠባቂው ይስበዋል፣ ድልድዩ ይከፈታል።

ሳንቲም ጣልኩ።

የጫማው ውስጥ እርጥብ ነበር... የመጣው ግን ከላይ ነው፣ ከውሃ አይደለም።

ጫማው ወጣ። ድልድዩ አልተከፈተም።

ተመልሶ ወረደ። ሳንቲሜ እዚያው ነው።

«ምን አጎደልኩብዎ አባቴ?» አልኩ፣ ወደ ላይ አንጋጥጬ።

ፊቱ አይታይም። ዘንጉን የያዘው እጁ ብቻ ነው የሚታየው።

«ስንት ናችሁ?» አለ። ማንሾካሾክ ነው፣ ግን ጆሮዬ ስር ያለ ያህል ይሰማል።

«ሁለት ነን።»

«የከፈልሽው የአንድ ሰው ነው።»

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ከፍርሃቱ በፊት ንዴት ቀደመኝ።

«ድልድይ የሚከፈለው በጀልባ ነው አባቴ፣ በሰው አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ የከፈልኩት በጀልባ ነው። ይጠይቁ።»

«እዚህ በሰው ነው።»

«እሺ፣ ይሁንልዎ።» ሌላ ሳንቲም ጣልኩ።

«ለእሱ ሳንቲም አይሆንም፣» አለ። «እሱ ይወርዳል።»

ነፋስ የለም። ጫማው ግን ከእኔ ዞር አለና እየተወዛወዘ ሄዶ ዊብረን ደረት ፊት ቆመ።

ዊብረን መሪውን ለቀቀ።

«ባውክዬ... ልውረድ፣» አለ። እንቅልፍ የመጣበት ሕፃን ይመስል ነበር። «ወንበሩን ለእኔ ነው ያስቀመጡት።»

«ማነው ያስቀመጠው?»

«ደክሞኛል...»

አንድ እግሩ ጣውላው ላይ ነው።

«ይውረድ፣» አለ ከላይ። «አታስቸግሪው። አንቺ እለፊ።»

ያኔ «እርስዎ» ማለቴን ተውኩ።

«ስማ፣ አንተ፣» አልኩት። «ይህን ሰውዬ እንደወሰድኩት እመልሰዋለሁ ብያለሁ። ለአንተ ብዬ ቃሌን አላጥፍም።»

ዳቦ የምቆርጥበት ቢላዋ እጄ ላይ ነበር። ሲባጎውን ጨብጬ ቆረጥኩት።

ሲባጎው ሞቃት ነበር።

ጫማው የጀልባዋ ወለል ላይ ወደቀ። ከላይ አንድ ሰው ጣቱ እንደተቆረጠ ሁሉ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ዊብረንን በቀበቶው ይዤ ወደ ኋላ ጣልኩትና የነዳጁን እጀታ እስከ ጥግ ገፋሁት።

ድልድዩ አልተከፈተም። እኔም አልቆምኩም። የመጣው ይምጣ ብዬ ገባሁበት። የጣሪያዋ ሸራ ተቀደደ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ የባንዲራው ዘንግ ተሰበረ...

ወጣን።

ቦዩ የሚወጣበት ሐይቅ ላይ ፀሐይ ነበር። ዞሬ ሳይ ከኋላችን ሸምበቆ ብቻ ነው ያለው።

ዊብረን ወለሉ ላይ ተቀምጦ የመስታወቱን ስብርባሪ ያያል።

«ጀልባዬን ምን አደረግሻት?» አለኝ።

ምንም አያስታውስም። ግራ እግሩ ግን ባዶ ነበር። ጫማውም ካልሲውም የሉም።

እንደወሰድኩት መለስኩት። ልቡን ከፈቱ፣ ጠገኑ፣ ዳነ። ሐኪሙ «እልኸኛ ልብ ነው» አለን። ዊብረን እኔን አየኝ።

የእንጨት ጫማውን አልጣልኩትም። ለምን እጥለዋለሁ? ከፍዬበታለሁ። አፈር ሞልቼ ሽንኩርት ተከልኩበትና የወጥ ቤቴ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ቅጠሉን እየቀነጠስን ከእንቁላል ጋር እንበላዋለን።

ጭጋግ በሚወርድባቸው ጠዋቶች ግን... ጫማው ላይ ሲባጎ ታስሮ አገኛለሁ።

በመስኮቱ ወጥቶ ሽቅብ ይሄዳል። የተወጠረ ነው። ጫፉ አይታይም።

መቀስ አመጣና እቆርጠዋለሁ። ከዚያ ሽንኩርቴን አጠጣለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ዛሬ ጠዋትም ጭጋግ ነበር። መቀሴን ይዤ ወረድኩ።

ጫማው ላይ ምንም የለም።

ሲባጎው በመስኮቱ ገብቷል። በጫማው አጠገብ አልፎ፣ ወለሉን አቋርጦ... ደረጃውን ወጥቷል።

ተከተልኩት።

ወደ መኝታ ቤታችን ይገባል። ብርድ ልብሱ ስር ይገባል።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ዊብረን ተኝቷል። ሲባጎው የግራ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ታስሯል። ቋጠሮው የጀልባ ሰው ቋጠሮ ነው፣ ጥርት ያለ።

«ደክሞኛል...» አለ ዊብረን፣ በእንቅልፍ ልቡ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መቀሱን ከፈትኩና... ቆም ብዬ አሰብኩ። ብቆርጠው ይመለሳል። እግሩ ላይ የደረሰ፣ በሚቀጥለው የት ያስረዋል?

መቀሱን አስቀመጥኩ።

ሲባጎውን በሁለት እጄ ስቤ ትንሽ አላላሁት። ያላላሁትን የራሴ እጅ አንጓ ላይ ጠመጠምኩና ቋጠርኩት። እኔም ቋጠሮ አውቃለሁ።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሬ፣ ዊብረን እንዳይነቃ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ድልድይ የሚከፈለው በጀልባ ነው፣» አልኩት። «ከጎተትክ ሁለታችንንም ነው። ከቻልክ ጎትት።»

ሲባጎው ላላ።

አሁንም አልጋው ጠርዝ ላይ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ እጄ ነው። ዊብረን ያንኮራፋል። ጭጋጉ አልተነሳም።

አሁን... አሁን ትንሽ ሳብ አደረገኝ።

መልሼ ሳብኩት።