ሀሺምን የማይነኩት ቁንጫዎች

ብታምኑም ባታምኑም ሆኗል። ባለፈው ሰኔ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ የመን ኤደን ውስጥ፣ ሰላሕ አድ-ዲን በሚባለው ሰፈር።

መክብብ እባላለሁ። ሥራዬ ተባይ መለየት ነው።

የጠራኝ ሀሺም የሚባል አከራይ ነው። ወደ ሳውዲ የሚሻገሩ ዘጠኝ የሀገሬን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አጭቋቸዋል። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል። አእምሮው ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

«ቁንጫውን ያመጡት ሐበሾችህ ናቸው» አለኝ። «የሰው ቁንጫ ነው ብለህ ወረቃ ጻፍልኝ። ዛሬውኑ አስወጣቸዋለሁ።»

ከልጆቹ አንዱ፣ ለሚ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ጓደኛው በትኩሳት እየነደደ አጠገቡ ተኝቷል።

በዚያ ሐሩር ሜዳ ላይ ቢጣል አያድርም።

ነጭ ካልሲዬን እስከ ጉልበቴ ሳብኩና ወለሉ ላይ ተራመድኩ። ቁንጫ የምንሰበስበው እንዲህ ነው፤ ሙቀት ካገኘች ዘላ ትወጣለች።

ካልሲዬ ጠቆረ...

ሀሺም በባዶ እግሩ ቆሞ ይስቃል። አንድም አልወጣበትም።

«እኔን አይነኩኝም። ንጹሕ ሰው ነኝ፣ ወላሂ!»

ከካልሲዬ ላይ አንዷን ለቀምኩ። አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ።

የድመት ቁንጫ ጉንጯ ሥር እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ጥቁር እሾህ አላት። ይቺ የላትም። የሰው ቁንጫም እሾህ የላትም... ይቺ ግን ደረቷ ጎን ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ አላት።

«የአይጥ ናት» አልኩት። «ልጆቹ አላመጧትም። የቤትህ ናት።»

«እኔ ቤት አይጥ የለም!»

ለሚ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ነበሩ፣ ጋሼ... ሐሙስ ዕለት ሞተው አለቁ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ሀሺምም ያን ቀን እዚሁ ወድቆ፣ ቀዝቅዞ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ተነሣ።»

መብራት ጠፍቷል። ማራገቢያው ቆሟል። እኔ በላብ ርሻለሁ።

የሀሺም ግንባር ደረቅ ነው...

የአይጥ ቁንጫ አንድ ልማድ አላት። የተሸከማት አካል ሲቀዘቅዝ ጥላው ትሄዳለች።

ወረቀቱ ላይ «የአይጥ ቁንጫ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ።

«የሰው በል!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

እጁ በረዶ ውስጥ እንደዋለ ዓሣ ነው።

እጅጌው ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ...

ቁንጫዎቹ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከእሱ ጣቶች ወደ እኔ ጣቶች ተሻገሩ።

ሀሺም ቁልቁል እያየ ፈገግ አለ።

«አየህ?» አለኝ። «እኔን አይነኩኝም።»