ደሴቲቱ ላይ «አቤት» ያለኝ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፣ በዚያ ላይ ጴንጤ ነኝ፣ የቀትር ጋኔን ምናምን የሚሉኝን «ሂዱ ወዲያ!» ነበር የምላቸው።

ሐይቃችን ውስጥ ስላለችው ትንሽ ደሴት ለተማሪዎቼ ስነግር፣ ድሮ ከዳር ጋር የተያያዘች ኮረብታ ነበረች፣ ውሃው ሲሞላ ተነጥላ ቀረች፣ ነዋሪዎቿም ለቀው ወጡ እላለሁ፤ ዛሬ ከአንዲት ሾላና ከደንገል በቀር ምንም የለባትም፣ እመኑኝ፣ አንድ መዝሙር ዘምራችሁ ሳትጨርሱ ዙሪያዋን ትጨርሳላችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ታረቀኝ አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳር ዓሣ አስጋሪ ነበር። አንድ ቀን ጀልባው ባዶዋን ተገኘች። በሦስተኛው ቀን እናቴ «ሳታገኘው እንዳትመጣብኝ» ብላ አለቀሰች፣ እኔም ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ ሽማግሌ ቀዛፊ ለምኜ ወጣሁ፣ ዳር ዳሩን ስናስስ ረፍዶ ደሴቲቱ ጋ ስንደርስ ልክ ስድስት ሰዓት ሆነ።

«መምህር፣ እዚህ በቀትር አይወረድም» አሉኝ መቅዘፊያውን አቁመው። «ሰዎቹ ሲለቁ አንዱ አልወጣም ብሎ ቀርቷል።»

«ጋሽ ዳንጊሶ፣ ወንድሜ እኮ ነው!»

«እሺ፣ እዚሁ ሆነህ ጥራው።»

ያኔ ነው ያስተዋልኩት፣ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞራዎች ከላይ ይዞራሉ እንጂ ሾላዋ ላይ አንድም አላረፈም፣ ነፋስ የለም፣ ደንገሉ ግን በአንድ በኩል ብቻ ኮሽ ኮሽ ይላል።

«ታረቀኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«አቤት!»

የሱ ድምፅ ነው፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ የሱ ነው። አንድ እግሬን ውሃው ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፤ ታረቀኝ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፣ ኩሩ ነው፣ ስጠራው ዕድሜ ልኩን «ወይ» ነው የሚለኝ፣ «አቤት»ማ ታናሽ ለታላቁ ነው የሚለው። ደግሜ ጠራሁት። «አቤት!» አለ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። ከዚያ ሳልጠራውም «አቤት፣ አቤት» ማለት ጀመረ።

ጋሽ ዳንጊሶ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ፣ እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አልታገልኳቸውም።

በማግስቱ ብዙ ሆነን ሄደን ደሴቲቱን አሰስናት፣ ሰው የለም። ደንገሉ ብቻ እስከ ውሃው ድረስ ተጋድሟል፣ ጉማሬ ተኝቶበት ይሁን ሰው እየዳኸ መጥቶበት ማንም አላወቀም።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ከጓዳ ስትጠራኝ «አቤት» ማለት አቅቶኛል፣ ዝም ብዬ ሄጄ ፊቷ እቆማለሁ። ጋኔን ነው ብዬ ራሴን ላሳምን ስል ግን አንድ ነገር ይመጣብኛል፤ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው፣ ምን ኩሩ ቢሆን፣ ለታናሹስ ቢሆን «አቤት» አይልም?